ቋጠሮ የሚይዝ ክር፦ ከፊሌ ዳንቴል ጋር ትውውቅ

በሶፋ መደገፊያ፣ በቡፌ ወይም በቴሌቪዥን ላይ የተነጠፈ ነጭ ዳንቴል ሳያይ ያደገ አንባቢ ጥቂት ነው። አብዛኛው በኪሮሽ የተሠራ ነው። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት አሠራር ይታያል። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ባዶ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ተሞልተዋል። የተሞሉት ጎን ለጎን ሲገጥሙ ጽጌረዳ፣ ወፍ ወይም የወይን ዘለላ ይወጣቸዋል። ይህ የኪሮሽ አሠራር በዕድሜ በብዙ የሚበልጠውን ሌላ ዳንቴል አይቶ የተቀዳ ነው። የተቀዳው ከፊሌ ነው።

ፊሌ በፈረንሳይኛ መረብ ማለት ነው፤ ስሙም ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። በጣና ወይም በጫሞ ዳር ተቀምጦ የተቀደደ መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ እጁ የሚሠራውን ቋጠሮ የፊሌ ሠሪዋም እጅ ይሠራዋል። ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። የዓሣ አጥማጁ ቀዳዳ ጣት ሲያሳልፍ የእሷ ቀዳዳ የስንዴ ፍሬ እንኳ በቅጡ አያሳልፍም።

ይህን ጥበብ ዛሬ መማር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቋጠሮው በአንድ ከሰዓት ይያዛል፣ ጥልፉም በጥቂት ሳምንት እጅ ይገባል። ተማሪውን ግራ የሚያጋባው ክሩ ነው። የድሮዎቹ ሥራዎች የተሠሩበት ዓይነት ክር በየሱቁ አይገኝም፤ የሚገኘውም በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያሳስታል። ስለዚህ ስለ ፊሌ ስጽፍ ብዙውን ቦታ ለክሩ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ሥራውን እንየው። ፊሌ ሁለት ደረጃ አለው፦ መረቡ ይቋጠራል፣ ከዚያ በመረቡ ላይ ይጠለፋል። ለመረቡ ከክሩ ሌላ ሁለት መሣሪያ ይበቃል። አንዱ ሁለቱም ጫፎቹ እንደ መንታ ሹካ የተከፈሉ፣ ክሩ በርዝመቱ የሚጠመጠምበት ቀጭን የመረብ መርፌ ነው። ሌላው የቀዳዳውን ልክ የሚጠብቅ ዘንግ ነው። ክሩ በዘንጉ ላይ ይዞራል፣ ከላይኛው ረድፍ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፣ በአውራ ጣት ተይዞ ይጠብቃል። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። የዘንጉ ዙሪያ የአንዱ ቀዳዳ ሁለት ጎን ይሆናል። ጎኑ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ የፈለገ ሰው ዙሪያው 8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሆነ ዘንግ ይይዛል። በዚያ ውፍረት ያለ የሹራብ መርፌ ይበቃዋል።

መረቡ ከአንድ ጥግ በሁለት ቀዳዳ ይጀመራል። በየረድፉ መጨረሻ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ እየተቋጠረ አንድ አንድ ይጨመራል። የተፈለገው ስፋት ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች በአንድ ቋጠሮ እየተጣመሩ ይቀነሳል። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ የተሠራው ነገር በእጅ ላይ ሳለ ቅርጽ የሌለው ጭብጥ ይመስላል፤ በክፈፍ ላይ ሲወጠር ግን ቀጥ ያለ ካሬ ሆኖ ይወጣል። በእያንዳንዱ ጎኑ 100 ቀዳዳ ያለው ካሬ 10,000 ቀዳዳ አለው፤ ቋጠሮዎቹም ከዚያ ትንሽ ይበልጣሉ። ሁሉም በእጅ፣ አንድ በአንድ የታሰሩ ናቸው።

የተወጠረው መረብ ላይ የሚጠለፈው በጥቂት የስፌት ዓይነቶች ነው። ዋናው ሽመናን የሚመስለው ነው። መርፌው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ክር ቁልቁል፣ ሁለት ክር አግድም እያሳለፈ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች እያሻገረ ቀዳዳውን በጨርቅ ይሞላዋል። ሌላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተመላለሰ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሞላ ነው፤ ቅጠልና ግንድ ይሠራበታል። ሦስተኛው በቀዳዳው ውስጥ የላላ ቀለበት እየጣለ የሚያልፍ፣ ሳሳ ያለ ጥላ የሚመስል ነው። በእነዚህ ሦስቱ ብቻ አንበሳም፣ መልአክም፣ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚሞላ ሐረግም ተሠርቷል።

ይህ ሥራ በአውሮፓ ከፍ ብሎ የታየው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው። ቬኒሳዊው ፌዴሪኮ ቪንቾሎ በ1587 በፓሪስ የንድፍ መጽሐፍ አሳትሞ ለንግሥት ሉዊዝ አበረከተላት። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ባለ ካሬ ንድፎች ዛሬም ቀዳዳ በቀዳዳ ተቆጥረው ይሠራሉ። የንግሥቲቱ አማት ካትሪን ደ ሜዲቺ ደግሞ በዚህ ሥራ ፍቅር የተያዘች ነበረች። በ1589 ከሞተች በኋላ ንብረቷ ሲቆጠር በአንድ ሣጥን ውስጥ 381፣ በሌላው ውስጥ 538 የፊሌ ካሬዎች ተገኙ። የመጀመሪያዎቹ ገና አንዱ ከሌላው ጋር ያልተገጣጠሙ ነበሩ። ይህ የብዙ እጅ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ዘውድ የጫነች ሴት የዓሣ አጥማጅን ቋጠሮ በሣጥን ስታከማች ማሰብ ደስ ያሰኘኛል።

ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ሥራውን እስካሁን ያቆዩት ግን መንደሮች ናቸው። በሰርዲኒያ ደሴት ምዕራብ፣ በቴሞ ወንዝ ዳር ያለችው ቦሳ በዚህ ትታወቃለች። በኮረብታው ላይ ባለው ሳ ኮስታ በተባለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ሴቶች ክፈፋቸውን ከደጃፍ አውጥተው ይጠልፉ ነበር። ዛሬም የቦሳ ፊሌ ሲባል በጣሊያን የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ክሩ። የጥንቶቹ ፊሌዎች በአብዛኛው የተሠሩት በተልባ እግር ክር ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ «ቀጭን የተልባ እግር» የሚለውን እያነበብን ያደግን ሰዎች ነገሩ ምን እንደሆነ ብዙም አንጠይቅም። ሊነን የሚባለው ጨርቅ ከዚሁ ነው የሚሠራው። በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በጎጃም ደጋ የሚዘራው፣ ተቆልቶና ተወቅጦ የጾም ወጥ የሚሆነው ተልባ ዓይነቱ አንድ ነው። የእኛ ገበሬ የሚፈልገው ፍሬውን ነው፤ ስለዚህ አጠር ያለ፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ ብዙ ፍሬ የሚይዝ ተልባ አለን። ለክር የሚዘራው ደግሞ ተጠጋግቶ የበቀለ፣ ያለ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ እስከ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወጣ ነው። ከሥሩ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም፤ ምክንያቱም ክር የሚሆነው ጭረት ከሥር እስከ ጫፍ ስለሚደርስ ማጭድ ያሳጥረዋል። ተነቅሎ በሜዳ ላይ በጤዛ ወይም በውኃ ውስጥ እንጨቱ እስኪላላ ይቆያል፣ ይደቃል፣ በብረት ጥርስ ይበጠራል። ከብጠራው የሚቀሩት ረጃጅም ጭረቶች እስከ 60 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። የጥጥ ጭረት ግን በአብዛኛው 3 ሴንቲሜትር ያህል ነው።

የሁሉም ነገር ሥር ይህ የጭረት ርዝመት ነው። ረጅም ጭረት ጥቂት ጫፍ አለው፤ ስለዚህ ክሩ አይጨበርርም፣ ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ነው። ሊነን ሲረጥብ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ሲሳብም እምብዛም አይለጠጥም። ከመበጠሱ በፊት የሚረዝመው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ነው፤ ጥጥ ከዚያ በእጥፍ በላይ ይሳባል። ለሸሚዝ ይህ ባሕርይ ጉድለት ሊሆን ይችላል፣ ሊነን የሚጨማደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመረብ ግን በረከት ነው። ቋጠሮ ሲጠብቅ የማይለጠጥ ክር ተመልሶ አይላላም። በክፈፍ ላይ ሲወጠርም 10,000ው ቀዳዳ በልኩ ይቆማል። በተጨማሪም የሊነን ገጽ እንደ ሐር አያንሸራትትም፤ ክሩ ራሱን ይይዛል።

የድሮው ክር በእጅ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ የሚፈተል ነበር፤ ደረቅ አየር ቀጭን የተልባ ጭረትን ይሰብረዋል። ማሽን ይህን ሥራ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጥጥ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች በብዛት መፈተል ከጀመረ ከአሥርታት በኋላ ናፖሌዎን በ1810 ተልባን በማሽን ለሚፈትል ሰው 1 ሚሊዮን ፍራንክ ሽልማት አወጀ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ደ ዢራር በዚያው ዓመት መላውን አገኘ፤ ጭረቱን በእርጥብነቱ መፈተል ነበር መላው። ሽልማቱን ግን አልተቀበለም። ወደ ፖላንድ ሄዶ ሠራ፤ ዢራርዱፍ የተባለችው የፖላንድ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ዛሬም ጥሩ የሊነን ክር ስትፈልጉ ሻጩን «በእርጥብ የተፈተለ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። በደረቁ የተፈተለው ሻካራ፣ ወፍራምና ጎርባጣ ነው፤ ለማቅ እንጂ ለዳንቴል አይሆንም።

ጥጥ ወደዚህ ሥራ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያለ ምክንያትም አልገባም። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በ1844 ጥጥን በጠንካራ የሶዳ ውኃ ሲነክረው ጭረቱ እንደሚያብጥና ቀለም እንደሚወድ አየ፤ በ1850 የፈጠራ መብት አወጣበት። ሆራስ ሎው ደግሞ በ1890 ያው ሥራ ጥጡ ተወጥሮ ሳለ ከተሠራ እንደ ሐር እንደሚያብረቀርቅ አሳየ። መርሰራይዝድ የሚባለው የሚያብለጨልጭ ክር ከዚህ መጣ። በአልሳስ ክፍለ ሀገር፣ በሙሉዝ ከተማ፣ በ1746 በጨርቅ ማተም የተጀመረውና ዛሬ ዲኤምሲ በሚለው ስሙ በየሱቁ የምናውቀው ፋብሪካ ይህን ክር በዓለም ሁሉ ሸጠ። ቴሬዝ ደ ዲልሞንት በ1886 ያሳተመችው የእጅ ሥራ መድበል ፊሌን ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጀምሮ በሥዕል ያስተምራል፤ የሚጠቅሳቸው ክሮችም የዚያው ፋብሪካ ናቸው። መጽሐፉ ወደ ብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። በእኔ ግምት ከመቶ ዓመት ወዲህ ፊሌን የተማሩ ብዙ ሰዎች ጥጥን የለመዱት በእሱ በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ የዳንቴል ገበያ ራሱ ጠበበ። በሰሜን አየርላንድ፣ ሊዝበርን አጠገብ፣ በሂልደን የነበረው የባርበር የሊነን ክር ፋብሪካ የዘር ሐረጉን ከ1784 ይቆጥር ነበር፤ በ2006 ተዘጋ። ቀጭን የዳንቴል ክር የሚሠሩ ሌሎችም እያነሱ ሄዱ። የሚገርመው ተልባው ራሱ አልጠፋም። ከዓለም ረጅም ጭረት ያለው ተልባ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዛሬም በፈረንሳይ፣ በቤልጅየምና በኔዘርላንድ ይበቅላል፤ አብዛኛው ግን ለፈትል ወደ ቻይና ይሄዳል። የሚፈተለውም በዋናነት ለጨርቅ ነው። ለሸሚዝ ጨርቅ የሚሆን ክር አንድ ነጠላ ሆኖ ሲፈተል ይበቃል፤ ለመረብ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መገመድ አለበት። ስለዚህ በሽመና መደብር ውስጥ ቆንጆ ሊነን አይታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን ፍቱትና ስንት ነጠላ እንዳለው ቁጠሩ። ነጠላ ከሆነ ተዉት፤ በቋጠሮ ፍትጊያ ይፈታል።

አሁን የቁጥሩ ነገር መጣ። በክር ላይ 60/2 የሚል ታያላችሁ። ሁለተኛው ቁጥር ግልጽ ነው፦ ሁለት ነጠላ ተገምዷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ግን እንደ ክሩ ዓይነት ትርጉሙ ይለያያል። የሊነን ቁጥር የሚቆጠረው በአንድ ፓውንድ ውስጥ ስንት ባለ 300 ያርድ ጥቅል እንደሚወጣ ነው። የጥጡ በባለ 840 ያርድ ጥቅል ነው። በሜትሪኩ ሥርዓት ደግሞ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ሜትር እንዳለ ይቆጠራል። ሒሳቡን ስታወጡት ልዩነቱ ያስደነግጣል። 60/2 የሆነ ሊነን ከአንድ ግራሙ 18 ሜትር ያህል ይወጣዋል። 60/2 ተብሎ በሜትሪክ የተቆጠረ ክር 30 ሜትር ይወጣዋል። 60/2 የሆነ ጥጥ ደግሞ 51 ሜትር ያህል። ሦስቱም መለያቸው አንድ ነው፤ የአንዱ ክብደት ግን የሌላውን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የኪሮሽ ክር ቁጥር ደግሞ ከሦስቱም የተለየ የራሱ ልማድ አለው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። ቴክስ የሚባለው መለኪያ ሲጻፍ እፎይ እላለሁ፤ የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ስለሆነ ለሁሉም ክር አንድ ነው። ያ 60/2 ሊነን 55 ቴክስ ያህል ነው። በቴክስ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይወፍራል፤ በሌሎቹ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል።

ከዚህ ውዥንብር የምትወጡበት ቀላል መንገድ አለ። በመለያው ላይ ርዝመትና ክብደት ሁለቱም ከተጻፉ ሜትሩን ለግራሙ አካፍሉ፤ የወጣውን ቁጥር ብቻ እመኑ። ካልተጻፉ ክሩን በእርሳስ ላይ ሳትወጥሩ፣ ሳትጨፈልቁ፣ ጎን ለጎን ጠምጥሙና በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። የዳንቴል ሠሪዎች ይህን ዘዴ ከልብ ይወዱታል። ብሬንዳ ፓተርኖስተር የተባለች እንግሊዛዊት በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ ክሮችን ለክታ በመጽሐፍ አውጥታለች፤ አንድ ክር ከገበያ ሲጠፋ በእሱ ልክ ያለውን ሌላ መፈለጊያ ሆኗል። የአያት ቅርስ የሆነ ፊሌ በእጃችሁ ካለና ያንኑ ልትሠሩ ከፈለጋችሁም መነሻችሁ ይኸው ነው። በማጉያ መነጽር የክሩን ውፍረት፣ በማስመሪያ ደግሞ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ለኩ።

ውፍረቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ጎኑ 4 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ በሽመናው ስፌት ሁለት ክር ቁልቁል ሁለት አግድም ያልፋሉ ብያለሁ። ክሩ ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ከቀዳዳው ስፋት 44 በመቶ ያህሉ ይሸፈናል። ወደ 0.3 ሚሊሜትር ሲቀጥን ሽፋኑ 28 በመቶ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ጽጌረዳዋ ከሩቅ ትታያለች፤ በሁለተኛው በባዶው መረብ ውስጥ ትጠፋለች። ብዙ ጀማሪዎች «ንድፉ አልወጣልኝም» የሚሉት እጃቸው ደክሞ አይደለም፤ ክራቸው ለቀዳዳቸው ስለቀጠነ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ፈታዮች ከጥንት የሚያውቁት ነገር ይረዳናል። እናቶቻችን ለድር የሚሆነውን ፈትል በእንዝርት አክርረው፣ ለማግ የሚሆነውን ለዘብ አድርገው ይፈትላሉ። ድሩ ጉተታውንና ፍትጊያውን ይሸከማል፣ ማጉ ጨርቁን ይሞላል፣ ለገላም ይለሰልሳል። ፊሌም ልክ እንዲሁ ነው። መረቡ ድር ይፈልጋል፣ ሙሌቱ ማግ። ለመረቡ የከረረ፣ ክብ፣ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ የተገመደ ክር ያዙ። ለሙሌቱ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ክረቱ የላላ፣ በቀዳዳው ውስጥ ዘርጋ ብሎ የሚተኛ ክር። በአንድ ክር ሁለቱንም የሚሠሩ አሉ፣ ያምራልም፤ መጀመሪያ ግን ሁለቱን ለይቶ ማየት ዓይን ያስተምራል።

እኔ ለመረቡ የምመርጠው በእርጥብ የተፈተለ የተልባ እግር ክር ነው። ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ለሆነ ቀዳዳ በሊነን ቁጥር ከ40/2 እስከ 60/2 ባለው ውስጥ መጀመር ጥሩ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ወደ ቀጫጭኑ ትሄዳላችሁ። የዛሬ ሊነን አልፎ አልፎ ጉብ ያለ ቦታ አለው፤ ያ ጉብታ በቋጠሮ ውስጥ ከገባ ቀዳዳውን ያዛባዋል። ስለዚህ በመርፌው ላይ ስትጠመጥሙ ክሩን በጣቶቻችሁ መካከል እያሳለፋችሁ ዳስሱት፣ ጉብታ ሲመጣ ቁረጡትና በአዲስ ቀጥሉ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ወይም ክሩ ከተሰባበረ እርጥብ ጨርቅ አጠገባችሁ ይኑር፣ ጣታችሁን እያራሳችሁ ሥሩ።

ሊነን ካጣችሁ ስድስት ነጠላ ያለው፣ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆኖ ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ የተገመደው የጥጥ ክር ቀጥሎ ይመጣል። ኮርዶኔ በሚል ስም የሚሸጠው ከዚህ ወገን ነው። ሁለት ጊዜ ስለተገመደ ክብነቱን አይለቅም፣ ቋጠሮውም ጥርት ብሎ ይታያል። ጉዳቱ መለጠጡ ነው፤ ስለዚህ መረቡን ከመጥለፋችሁ በፊት አርጥባችሁ በክፈፉ ላይ ወጥሩትና እንደተወጠረ ይድረቅ። በጣም የሚያብለጨልጨውና ክረቱ የላላው ፐርሌ ክር ለሙሌት ያምራል፤ ለመረብ ግን ያንሸራትታል። ነጠላ ሆኖ በእጅ የተፈተለ የማግ ፈትላችንም እንዲሁ ለሙሌት እንጂ ለመረብ አይሞከር።

ሐር ለሚችል ሰው ውብ ነው፤ አሮጌ የሐር መረቦችም አሉ። ስለ ፖሊስተር ግን ሳላቅማማ እናገራለሁ፦ ለፊሌ አይሆንም። ርካሽ ነው፣ በየመርካቶው ሱቅ በየቀለሙ ተደርድሯል፣ በጉተታም አይበጠስም። ነገር ግን ተስቦ ይመለሳል፤ ሲመለስም ቋጠሮው ይላላል። ውኃ ስለማይጠጣ አርጥቦ ቅርጽ ማስያዝ አይቻልም፣ ስታርችም በቅጡ አይገባውም። በጋለ ካውያ ስር ይጨማተራል። በዚህ ክር አንድ ወር የለፋ ሰው ድካሙ ያሳዝነኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ቆማችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ሙከራ አለ። አንድ ክንድ ያህል ክር ሳቡና ሁለቱን ጫፎች አቀራርቡ። ወዲያው በራሱ ላይ ክፉኛ የሚጠማዘዝ ከሆነ ክረቱ በዝቷል፤ ሥራ ላይ እየተቋጠረ ያስቸግራል። ፈጽሞ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግምዱ ላልቷል፣ በመርፌ ስትሠሩበት ይፈታል። ጥቂት ዞሮ የሚያርፈው ደኅና ነው። ቀጥሎ ሁለት ቋጠሮ ቋጥሩና አጥብቃችሁ ወደ ጎን ለመግፋት ሞክሩ። ቋጠሮው ከቦታው ከተንሸራተተ ክሩን መልሱ። ሦስተኛውን ሙከራ ቤት አድርጉት፦ አንድ ሜትር በትክክል ለክታችሁ ቁረጡ፣ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁና እንደገና ለኩ። ምን ያህል እንዳጠረ ማወቅ ከሥራው በኋላ ሳይሆን ከሥራው በፊት ነው የሚጠቅመው። ለመረብና ለሙሌት የያዛችኋቸው ሁለት ክሮች በእኩል ካላጠሩ ካሬው ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ይጨማደዳል።

ቀለሙንም ልብ በሉ። ያልነጣ ሊነን ግራጫ ወደ ወርቅማ የሚያደላ ነው፣ ከነጣው የበለጠም ጠንካራ ነው፤ ማንጣት ጭረቱን ያደክመዋል። ብዙ ታጥቦ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ይነጣል። ነጭ ሥራ የፈለገ ሰው በከፊል የነጣውን ገዝቶ ለጊዜ ቢተወው ከኬሚካሉ ይሻለዋል እላለሁ።

በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስራኤልም የምትኖሩ አንባቢዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሽመናና የዳንቴል ክር የሚሸጡ ሱቆች ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ይቀርባሉ። ወደ አገር ቤት ስትመጡ ዳንቴል ለምትሠራ እናት ወይም አክስት ሽቶ ከምታመጡላት 60/2 የተልባ እግር ክር አንድ ሁለት ጥቅል አምጡላት። ኪሮሽ የለመደ እጅ የፊሌን ቋጠሮ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ባዶና ሙሉ ቀዳዳ መቁጠሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና።

ለጀማሪው አንድ ነገር ልበል። ትልቁን መጋረጃ አስባችሁ አትጀምሩ። 20 ቀዳዳ በ20 ቀዳዳ የሆነች ትንሽ ካሬ ሥሩ፣ ግማሿን በአንዱ ክር ግማሿን በሌላው ሙሉ፣ እጠቧት፣ ተኩሷት፣ በመስኮት ብርሃን ላይ ያዟትና እዩ። የወደዳችሁትን ክር ስትገዙ ለሙሉ ሥራው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ምርት ግዙ። መለያውን ከካሬዋ ጋር ስፉና አስቀምጡት፤ ርዝመቱን፣ ክብደቱንና የዘንጉን ውፍረት በጀርባው ጻፉበት።